ዝገት ቀቢው ጋሽ ፉርጎ

ጋሽ ፉርጎ በ1944 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ባቡር በሚያልፍባት አንዲት ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በጣቢያው ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ እናታቸው በእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሰፉ ነበር። ከአራት ልጆች የመጨረሻው እሳቸው ናቸው። እናታቸው «ይሄ ደግሞ ሳይጠሩት የመጣ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር፣ ከሁሉም አብልጠው ይወዷቸው እንደነበርም ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ በቅናት ይናገራሉ።

የቤታቸው ጓሮ ከጣቢያው አጥር ጋር ይዋሰን ነበር። ከአጥሩ ወዲያ መንኮራኩሮቿ ወልቀው መሬት ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጌ የዕቃ ፉርጎ ነበረች። በሯ ተንሸራቶ እስከ ግማሽ ይከፈትና እዚያው ነክሶ ይቀራል። ከየብሎኑ ሥር ዝገት ወደ ታች ወርዶ ግድግዳዋን አዥጎርጉሮታል። ጋሽ ፉርጎ በልጅነታቸው ከትምህርት ቤት መልስ የሚገኙት እዚያች ውስጥ ነበር፤ ሲያጠፉ የሚደበቁትም፣ ሲያኮርፉ የሚተኙትም እዚያው። «የት ሄደ?» «ፉርጎ ውስጥ ነዋ» እየተባለ ስሙ በዚያው ወጣላቸው። መዝገብ ላይ ያለውን ስማቸውን የሚያውቀው የመሥሪያ ቤታቸው ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1957 ዓ.ም. የባቡር መስመሩ ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቅሎ ተሸጠ፤ ፉርጎዋንም በእሳት ቆራርጠው በጭነት መኪና ወሰዷት። ጋሽ ፉርጎ ያን ቀን ፈተና ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ያገኙት ሣር ያልበቀለበት አራት ማዕዘን መሬት ነው። አባታቸው ሥራቸውን ካጡ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። መካከለኛ ተማሪ ነበሩ፤ ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም ጎበዝ ነበር ይባላልና እውነቱን መናገር ይሻላል። በእጅ ሥራና በሥዕል ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ታላቅ እህታቸው ወደሚኖሩበት ትልቅ ከተማ መጥተው በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ተቀጠሩ።

ከሕክምና ቤቱ ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ጥርስ ነጭ አይደለም የሚል ነበር። ከሥሩ ቢጫ ነው፣ ከጫፉ ግራጫ፤ ሻይ የተጠጣበት፣ ሲጋራ የተጨሰበት፣ ዕድሜ የሄደበት ነው። አዛውንቱ «በጣም ነጭ ጥርስ ባለቤቱ ሳይስቅ ይስቃል» ይሉ ነበር። ጋሽ ፉርጎ ይህን ትምህርት ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ በዚያች ክፍል ውስጥ ጄሶ ሲበጠብጡ፣ ሰም ሲቀርጹ፣ ብረት ሲሞርዱ ኖሩ። በቀልድ ላይ ከሰው ሁሉ ዘግይተው የሚስቁት ቀልዱ ሳይገባቸው ቀርቶ አልነበረም፤ መጀመሪያ የሰውን ጥርስ አይተው ስለሚጨርሱ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ጋዋናቸው ላይ ቀይ ሰም ፈሰሰባቸውና በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ወሰዱት። እዚያ ይሠሩ የነበሩት የኋላ ባለቤታቸው ወረቀት አንጥፈው፣ ትኩስ ካውያ አሳርፈው፣ ሰሙን ልቅም አድርገው አወጡት። በዚያው ሰሞን ሰም ደጋግሞ ፈሰሰባቸው። ጥንቃቄያቸውን የምናውቅ ሰዎች ሳያስቡት ፈሰሰ ብለን አናምንም። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ።

ባለቤታቸውን ሠፈሩ እትዬ ሳሙና ብሎ ነው የሚጠራቸው። ቅሬታም የላቸውም፤ ከእሳቸው እጅ ገብቶ ያልነጣ አንሶላ፣ በእሳቸው ደጃፍ የከረመ አቧራ የለም። ጎረቤቶች «ባልየው ነጩን ሲያቆሽሽ ይውላል፣ ሚስቲቱ የቆሸሸውን ስታነጣ ትውላለች፤ ማታ ሒሳቡ እኩል ነው» ይሉ ነበር። እነሱም እኩል ለእኩል ተስማምተው ኖሩ። ልጅ ግን አልሆነላቸውም። ሁለት ጊዜ ተስፋ አድርገው ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር በዚያ ቤት ሲነሳ የሰማ የለም። ለልጅ ተብሎ በሰማያዊ ቀለም የተቀባው ክፍል ባዶውን ቆየ።

በ1976 ዓ.ም. ጋሽ ፉርጎ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ተራ አንዲት የተሰበረች የመጫወቻ ባቡር ይዘው ገቡ። ሞተሯ ተቃጥሏል፣ አንድ መንኮራኩር የላትም። እትዬ ሳሙና አይተው «ለማን?» አሉ፤ ወዲያው ቃሉ ከአፋቸው በመውጣቱ አዘኑ። ጋሽ ፉርጎ መንኮራኩሩን ከጥርስ ሥራ በተረፈ ብረት ቀረጹ፤ ሞተሯን የልብ ወዳጃቸው ሰዓት ሠሪው ጠገኑላቸው። እሑድ ዕለት ሁለት ጎልማሶች በደረታቸው መሬት ላይ ተኝተው ሲያዩአት ባቡሯ አንድ ክንድ ያህል ሄዳ ከወንበር እግር ጋር ተጋጨች። እትዬ ሳሙና ያሰቡት የሁለቱን ሸሚዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጋሽ ፉርጎ ደስታ በአጭሩ ይነገራል፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበርና። ከሥራ ይመለሳሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ እራታቸውን ይበላሉ፣ «ጣቢያ ደርሼ ልምጣ» ብለው ወደ ሰማያዊው ክፍል ይገባሉ። እዚያ ውስጥ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ የተወለዱባትን ከተማ መልሰው ሠሯት። ጣቢያው፣ የእህል መጋዘኑ፣ የእናታቸው ቤት ከነአጥሩ ሁሉም በቦታው አለ። ተራሮቹን የሠሩት ከሥራ በተጣለ የጄሶ መንጋጋ ነው፤ ሰው ሲጎበኛቸው «ይሄ ኮረብታ የዳኛው የላይኛው ድድ ነው» እያሉ ያስቁ ነበር። ትንንሽ ሐዲድ እንደ እውነተኛው አይጮህም። ስለዚህ ሐዲዱን በየስንዝሩ በቀጭን መጋዝ ሰነጠቁት፤ ባቡሩ ሲያልፍበት ቀጭ ቀጭ እንዲል። ሰዓት ሠሪው እሑድ እሑድ መጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ «ትንሽ ፈጥኗል» ይላሉ፤ ጋሽ ፉርጎ «ሰዓትህ ነው የዘገየው» ይሏቸዋል። የማሽን ዘይት ሽታ፣ ያ ድምፅና ያ ክርክር ነበር ድግሳቸው።

ጠረጴዛውን እዚያው ክፍል ውስጥ ገጣጥመው ሲጨርሱ ከበሩ በጣም እንደሚሰፋ ያስተዋሉት ሰዓት ሠሪው ናቸው። «እንዴት ልታወጣው ነው?» ቢሏቸው «ወዴት ልሄድ?» አሉ።

የሚያብረቀርቅ ነገር አይወዱም ነበር። አዲስ ፉርጎ እጃቸው ሲገባ የመጀመሪያ ሥራቸው ማስረጀት ነው። የአሮጌ ሚስማር ዝገት ይፍቃሉ፤ ጡብ ይወቅጣሉ፤ ከሰል ይፈጫሉ፤ በቀጭን ሙጫ ለውሰው በቀጭን ብሩሽ ከየብሎኑ ሥር ወደ ታች ያወርዳሉ። ጭስ የሚያገኘው ጣሪያ ይጠቁራል፤ የጫኝ እጅ የሚይዘው የበር ጠርዝ ይላጣል። አንዷ ፉርጎ ብቻ ክረምት ከበጋ ትፈጅባቸው ነበር። ከሁሉም በላይ የለፉባት የጓሮዋ ናት፤ መንኮራኩር የሌላት፣ በሯ ግማሽ ላይ የሚነክሰው፣ የትም የማትሄደው። እየቀቡ እየፋቁ ዓመታት ፈጁባት። አንድ ቀን «አሁን እሷው ናት» ብለው ከእናታቸው ቤት ጀርባ አስቀመጧት፤ ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አላስነኳትም።

በዚያ ክፍል ጉዳይ በባልና ሚስት መካከል አንድ ስምምነት ነበር። ከደጃፉ ወዲህ የእሷ፣ ከደጃፉ ወዲያ የእሱ። እትዬ ሳሙና መጥረጊያቸውን ይዘው እስከ መቃኑ ይደርሱና ይመለሳሉ። በቃላቸው የጸኑ ሰው ናቸው። ከውጭ ሆነው የሚያዩት ግን ቆሻሻ ብቻ ነበር፤ ባላቸው ዕቃው እንዳይሰበር ሰግተው ሳይጸዳ እንደሚተዉት ነበር የሚያስቡት። ጋሽ ፉርጎ ደግሞ ሚስታቸው ሁሉን የሚያውቁ ይመስላቸው ስለነበር አስረድተዋቸው አያውቁም። ሰው ይህን ያህል ዘመን አብሮ ኖሮ አንድ ነገር ሳይነጋገር እንደሚቀር ከዚህ ቤት በላይ ምስክር የለም።

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በባቡራቸው ላይ ውለው ሊያድሩ ያሰቡበት ዘመን ነበር፤ ትንሽም ሆነላቸው። ከዚያ ሳል ጀመራቸው። ለዓመታት የተነፈሱት የጄሶና የብረት ብናኝ ሳንባቸውን አድርቆት እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሆስፒታል ገቡ። ሊወጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የምትከታተላቸው ሐኪም ባለቤታቸውን ለብቻቸው ጠርታ በሽታው እንደማይድን ነገረቻቸው። አቧራ ደግሞ የቀረቻቸውን ጊዜ እንደሚያሳጥርባቸው ነግራ፣ ቤቱ አንድም ብናኝ እንዳይኖርበት አጥብቃ አሳሰበቻቸው።

እትዬ ሳሙና ወደ ቤት ሄደው ከደጃፉ ወዲያ ገቡ። ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ፤ ለሕፃን ልብስ የሚሆን ለስላሳ ሳሙናና አዲስ የጥርስ ብሩሽ ገዙ። ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ሲያነሱ ቦታቸው እንዳይጠፋ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ውሃው ሲደፈርስ እየቀየሩ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የጣቢያውን ደረጃ ሳይቀር አጠቡ። ነጭ ፎጣ ላይ አድርቀው ሁሉንም ወደየምልክቱ መለሱ። አንድም ነገር አልሰበሩም። ለባላቸው ታላቅ እህት ደውለው «ያ ሁሉ ቆሻሻ! ወንድምሽ እስካሁን በምን ዕድሉ ቆየ?» አሏቸው።

ጋሽ ፉርጎ የኦክስጅን ሲሊንደራቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ባለቤታቸው ጫማቸውን እንኳ ሳያስወልቁ ክፍሉን ከፍተው አሳዩዋቸው። ከጣቢያው እስከ ተራራው ሁሉም ያበራል። የጓሮዋ ፉርጎም ትናንት ከፋብሪካ የወጣች መስላ ከእናታቸው ቤት ጀርባ ተቀምጣለች። ጋሽ ፉርጎ በሩ ላይ ብዙ ቆሙ። «አበራሽው» አሉ፤ ከዚያ ውሃ ጠየቁ። እትዬ ሳሙና ምስጋና ነው ብለው ተቀበሉት፤ ያን ሰሞን እንደዚያ የተደሰቱበትን ጊዜ ጎረቤት አያስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ባቡሩ አልሄደም። ጋሽ ፉርጎ «ደረቴ ነው» ይሉ ነበር፤ ደረታቸውም ነበር። ፉርጎዎቹን እንደገና ላስረጅ እንዳይሉ ከሰልና ዝገት መፍጨት ቀርቶ አጠገቡ መቆም ተከልክለዋል፤ ባይከለከሉም ትንፋሽ ሲያጥራቸው ብሩሽ የያዘ እጃቸው ይወድቅ ነበር። ነገሩን የተናገሩት ለሰዓት ሠሪው ብቻ ነው። «ደስ ብሏታል፤ ተዋት» ብለው አደራ ሰጧቸው። ሰዓት ሠሪው ምስጢር የሚያድርባቸው ሰው አይደሉም፤ ይህን ግን እስከ ግንቦት ይዘዋል።

በግንቦት አንድ እሑድ እትዬ ሳሙና ሰዓት ሠሪውን ደጃፉ ላይ አቁመው «እዩት እስቲ፣ ሁለታችሁ ዘመናችሁን ሙሉ ስታቆሽሹት የኖራችሁትን» ሲሉ የሰውየው ዓይን እንባ ሞላ። «እትዬ፣ ያ ቆሻሻ አልነበረም፤ ሥራው ያ ነበር» አሏቸው። እትዬ ሳሙና መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

«እንዴት አትነግረኝም?» አሉ።

«ምን ብዬ?» አሉ ጋሽ ፉርጎ።

«እኔ እኮ ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። አንቺን ቆሻሻ ከመሰለሽ ጥሩ ሠርቼው ነበር ማለት ነው።»

እትዬ ሳሙና ይህን መጽናኛ አልተቀበሉትም፤ እስከ ዛሬም አልተቀበሉትም። በማግሥቱ ከግቢው ጥግ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ርቀው፣ አፋቸውን በእርጥብ ሻሽ ሸፍነው ጡብ ይወቅጡ ጀመር። ጎረቤት «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲላቸው «ቆሻሻ» ይላሉ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ የባላቸው ዓይን ሳይከደን የጓሮዋን ፉርጎ እንደነበረች አድርገው ማሳየት። ሰዓት ሠሪው የሚያስታውሱትን ያህል አሳዩዋቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ጭቃ የወደቀች አስመሰላት፤ ሁለተኛውም ከዚያ አልተሻለም። ማጠቡ አላቃታቸውም፤ አጥበው እንደገና ይጀምራሉ። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ፤ የጋሽ ፉርጎም ትንፋሽ ከክረምቱ ጋር እያለቀ ነበር።

መላው የመጣላቸው ከገዛ ሙያቸው ነው። እርጥብ አንሶላ ላይ የተረሳ የብረት ቁልፍ ዝገቱን እንዴት ወደ ታች እንደሚሰድ፣ ጠርዙ ላይ እንዴት እንደሚጠቁር ከእሳቸው በላይ ያየ የለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስለቅቁት የኖሩት ነው። ብሩሹን ተዉት። ፉርጎዋን እንደ ልብስ አረጠቧት፤ ከየብሎኑ ሥር የዝገት ጠብታ አኖሩ፤ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሏት። ከካልሲ ጎን የተሰጣች ፉርጎ ያየ ጎረቤት ዛሬም በመካከላችን አለ። አውርደው እንደገና አረጠቡ፣ እንደገና ሰቀሉ፣ የበሩንም ጠርዝ በጥፍራቸው ላጡ። በኅዳር መጀመሪያ ለሰዓት ሠሪው ሲያሳዩዋቸው ሰውየው አገላብጠው አይተው፣ አፋቸውን ይዘው ፉርጎዋን መለሱላቸው።

ጋሽ ፉርጎ ግን ርቀው ነበር። አንዳንዴ ሰው ይለያሉ፣ አንዳንዴ ከእናታቸው ጋር ያወራሉ። ባለቤታቸው ክረምቱን ሙሉ ጡብ ሲወቅጡ መክረማቸው ተነግሯቸው ነበር፤ ረስተውታል። አንድ ቀን ጠዋት ነቃ ሲሉላቸው እትዬ ሳሙና ፉርጎዋን መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ጋሽ ፉርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት። አውራ ጣታቸውን ከብሎኑ ሥር ወደ ታች አወረዱ። በሯን ገፋ አደረጉ፤ ግማሽ ላይ ነከሰ። ቆይተው ወደ ባለቤታቸው ዞሩና «ይቺን እንኳ አላጠብሽብኝም» አሉ።

እትዬ ሳሙና «አላጠብኳትም» ብለው መለሱላቸው።

የራሳቸው ሥራ መስላቸው ነው። ሰዓት ሠሪው ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም ይላሉ። እትዬ ሳሙና ግን ከዚያ ንግግር የሰሙት ሌላ ነው፤ ባላቸው እስከዚያች ቀን ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት የቆዩትን ኀዘን ሰሙ። ጋሽ ፉርጎ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ የማጠብ ነገር ከዚህ ጽሑፍ እንዲቀር ቤተሰቡ ለምኖ ነበር። እትዬ ሳሙና «ሥራው ምን እንደነበረ ሰው ይወቅ፤ ማን እንዳጠበውም ይወቅ» ብለው እንቢ ስላሉ፣ ጽሑፉን ያዘጋጀችው የእህታቸው ልጅ በታዘዘችው መሠረት ጽፋዋለች። የተከራዩት ቤት ባለቤት ሞተው ወራሾቹ ቤቱን ስለሚፈልጉት በታኅሣሥ መጨረሻ ይለቀቃል። ጋሽ ፉርጎ ዛሬ ጠዋት በዚያ በር ወጥተዋል፤ ጠረጴዛው አይወጣም። ከጣቢያው እስከ እናታቸው ቤት በመጋዝ እንዲቆርጠው አናጢ ተነግሮታል። ሌሎቹ ፉርጎዎች እንደታጠቡ ናቸው። ሰዓት ሠሪው «ቀስ እያልን እናስረጃቸው» ቢሏቸው እትዬ ሳሙና «ለማን?» አሉ።

ጋሽ ፉርጎ ባለቤታቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ የእህታቸውን ልጆችና የልብ ወዳጃቸውን ሰዓት ሠሪውን ትተው ሄደዋል። በእሳቸው ጥርስ የሚበሉና የሚስቁ ሰዎች በየሠፈሩ አሉ፤ ዛሬም እዚህ በመካከላችን አይጠፉም። ማን እንደሆኑ አይለይም፤ እሳቸውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር።

ፈጣሪ ለደከመ ደረታቸው ዕረፍት፣ ለነፍሳቸው ሰፊ አየር ይስጥልን። እትዬ ሳሙና መጽናናትን እንዳንለምንላቸው ከልክለውናል። እኛ ግን እንለምናለን።